የአባቴ ግድብ እግሩ ስር ረጥቧል፤ ክረምት ሳይገባ ምን ላድርግ?

የደሴዋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። የአፈር ሥራና የግድብ ነገር የምታውቁ ሰዎች እዚህ አላችሁ፤ ለዚያ ነው የመጣሁት።

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አባቴ የሠራው ትንሽ መዝናኛ አለን። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ደሴ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ቦታውን ታናሽ ወንድሜ ያስተዳድራል። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እሄዳለሁ።

መዝናኛው ያለ ኩሬው ምንም አይደለም። አባቴ ከኮረብታው የሚወርደውን ጅረት በአፈር ገድቦ ነው ውሃውን ያጠራቀመው። ሰው ጀልባ ይቀዝፋል፣ ልጆች ዳክዬ ያያሉ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣም አስገብቶበታል። ግድቡ ከቆመ 14 ዓመቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር በሜትር ለካነው። ርዝመቱ 68 ሜትር ነው። ከፍታው መሐል ላይ ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። አናቱ 3 ሜትር ይሰፋል፣ ሚኒባስ ያሳልፋል። ውሃው ሲሞላ አንድ ሄክታር ገደማ ይሸፍናል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልግባ።

በግድቡ ጀርባ፣ ታች እግሩ ጋ፣ ውሃ ማፍሰሻው የታችኛው ቧንቧ በሚወጣበት በኩል፣ ሣሩ በጋ ከክረምት አረንጓዴ ነው። ሌላው ሁሉ ደርቆ እሱ ብቻ ይለመልማል። ዘበኛችን ላማቸውን እዚያ ነው የሚያስሯት። እኛም ስንደሰትበት ኖረናል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ላሟ የረገጠችበት የኮቴ ጉድጓድ ሁሉ ውሃ ሞልቷል። አንዱን በእጄ ጨልፌ ባዶ አደረግኩት። ጫማዬን አስሬ ቀና ስል ተመልሶ ሞልቷል።

ሌላም አለ። አናቱ ላይ በርዝመቱ የሄደ ስንጥቅ አለ፣ ጣቴ ይገባል። አባቴ ጥላ እንዲሆን ብሎ ጀርባው ላይ የተከላቸው 14 ባሕር ዛፎች አሁን አንድ ሰው አቅፎ አይጨርሳቸውም። የታችኛው ቧንቧ ሳራሲኔስካ (መክፈቻና መዝጊያው) ዝጎ አይዞርም። ትርፍ ውሃ የሚወጣው በቀኝ በኩል ባለ አንድ የሲሚንቶ ቱቦ ነው፣ ስፋቱ 60 ሳንቲም። አባቴ ዓሣው እንዳይሄድበት አፉ ላይ የሽቦ ወንፊት አስበይዶበታል። ከቱቦው አናት እስከ ግድቡ አናት 70 ሳንቲም ይቀራል።

ከግድቡ በታች 300 ሜትር ላይ ቤቶች አሉ። ቆጠርኳቸው፣ 17 ናቸው። ወፍጮ ቤት አለ። ተማሪዎች የሚያልፉበት የእግር መንገድ ጅረቱን ያቋርጣል። አባቴ ግድቡን ሲሠራ እዚያ ሁለት ጎጆ ብቻ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሰርግ ይዘናል፣ ቀብድ ተቀብለናል። ሙሽራዋ የመረጠችን ለውሃው ብላ ነው። ወንድሜ «14 ዓመት የቆመ ግድብ ዛሬ ምን ይሆናል? ውሃውን ከቀነስን ጭቃ ነው የሚታየው» ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፣ የሠራተኛ ደመወዝ አለበት። እኔ ግን ከቅዳሜ ወዲህ ማታ ማታ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አባብላችሁኝ ሳይሆን እውነቱን ንገሩኝ። መፍራቴ ልክ ነው?

አባ ዶዘር፦

ልጄ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ግን አትደናገጪ። እኔ ከ30 ዓመት በላይ አፈር ሥራ ላይ ነበርኩ። መንገድም ግድብም ሠርቻለሁ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ኮምቦልቻ ነው ያለሁት።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የአፈር ግድብ ሁሉ ይሰርጋል። ጥሩ የተሠራውም ቢሆን ትንሽ ያልበዋል። ጥያቄው ውሃው ብቻውን ነው የሚወጣው ወይስ አፈር ይዞ ነው የሚለው ነው። ንጹሕ ውሃ ከሆነ ጊዜ አለሽ። ደፍረስ ካለ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሰርግም ቀብድም የለም።

እንዲህ አድርጊ። ውሃው የሚወጣበት ቦታ ላይ ትንሽ ቦይ ቆፍሩና በአንድ ቦታ ይውረድ። ባልዲ አስቀምጪ፣ በስልክሽ ሰዓት ያዢ። ስንት ሰከንድ ፈጀ? ጻፊው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ለኪ። የኩሬውንም ቁመት አብረሽ ጻፊ። ቁመቱ ሳይጨምር ስርገቱ ከጨመረ ደውይልኝ እልሽ ነበር፣ ግን እዚሁ ጻፊልኝ። በሃይላንድ ቅጂና ሌሊቱን ሳትነቀንቂው አሳድሪው። ጠዋት ታቹን እዪ።

ወንፊቱን ግን ዛሬ ንቀሉት። ነገ አትበዪ። ቅጠልና ፌስታል ሲይዘው ቱቦው የለም ማለት ነው። ዓሣው ይሂድ።

ጃርት የቆፈረው ጉድጓድም ፈልጉ፣ ምስጥም እንዳለ እዩ። ዘበኛችሁን ጠይቂ። ሽማግሌ ዘበኛ መሬቱን ከኢንጂነር በላይ ያውቀዋል።

የደሴዋ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት አደረግኩ።

ወንፊቱን ወንድሜ ራሱ በመዶሻ ነቀለው። ከኋላው ምን እንደወጣ ብነግርዎ አያምኑኝም። የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጨርቅ፣ አንድ የልጅ ኮንጎ ጫማ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ ገለባ ተጠቅጥቆ። ከቱቦው ግማሹ ተዘግቶ ነበር። ወንድሜ ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ጫማዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሰርጉ አልተከራከረኝም።

ባልዲዋ 10 ሊትር ናት። በ50 ሰከንድ ሞላች። ሦስት ቀን ለካን፣ ሦስቱም ቀን ከ48 እስከ 51 ሰከንድ ነው። ሳሰላው በቀን ከ17,000 ሊትር በላይ ይወጣል። ቁጥሩን ሳየው ሆዴን ቦጭ አለኝ።

ሃይላንዷን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጥርት ያለ ነበር። ሮብ ማታ ዶፍ ወረደ። ሐሙስ ጠዋት የቀዳሁትን አሳድሬ አርብ አየሁት። ታቹ ላይ ቀጭን ግራጫ ነገር ተኝቷል፣ እንደ ወረቀት የሳሳ። በሥራዬ የሚዘቅጥ መድኃኒት አውቃለሁ፤ ለልጆች ከመስጠታችን በፊት «ነቅንቂው» የምንለው ዓይነት። ነቀነቅኩት፣ ደፈረሰ። አስቀመጥኩት፣ ተመልሶ ተኛ። ይህ የዝናቡ ጎርፍ ያመጣው ነው ወይስ ከግድቡ ውስጥ የመጣ? እንዴት ነው የምለየው?

ዘበኛችንን ጠየቅኳቸው። ሁለት የጃርት ጉድጓድ አሳዩኝ፣ አንዱ ባሕር ዛፉ ስር ነው። «አባትሽም ያውቁት ነበር፣ ድንጋይ አስገብተውበት ነበር» አሉኝ።

ሁሉ ለበጎ፦

እኔ በዚሁ መስመር ላይ ሎጅ ያለኝ ሰው ነኝ። ይህን ያህል አታካብዱት። የእኔም ኩሬ እግሩ ስር ይረጥባል፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በውጪ በኩል ሲሚንቶ ግረፉበትና ይዘጋል። ኢንጂነር ከጠራሽ የማያልቅ ወጪ ነው የሚያመጣብሽ። በመዝናኛችሁ ላይ ወሬ ከተነሳም ደንበኛ ይሸሻል።

ውሃና አፈር፦

ሰላም እህቴ። የውሃ ምህንድስና ነው የተማርኩት፣ አሁንም አስተምራለሁ። ከላይ የተጻፈውን የሲሚንቶ ምክር እባክሽ አትከተዪ። «ሁሉ ለበጎ» ወንድሜ፣ እርስዎም በኩሬዎ ላይ እንዳያደርጉት እለምንዎታለሁ። ከጀርባ በኩል ውሃውን ስትደፍኚው አይቆምም። ውስጥ ይጠራቀማል፣ አፈሩን ያረጥባል፣ ተዳፋቱ ይከብዳል፣ ሌላ ደካማ ቦታ ፈልጎ ይወጣል። ውሃው መውጣት አለበት። የማይወጣው አፈሩ ነው መሆን ያለበት።

የምትለዪው እንዲህ ነው። ከላይ በተዳፋቱ የወረደ ጎርፍ እንዳይቀላቀል ከስርገቱ በላይ ትንሽ መከለያ ቦይ ቆፍሩ። ዝናብ በሌለበት ሁለት ቀን ቆይተሽ ቅጂ። አሁንም ዝቃጭ ካለ ከውስጥ ነው። ግን እኔ ያን እስክታረጋግጪ አልጠብቅም ነበር። የውሃው መውጫ ቧንቧው አጠገብ ነው ብለሻል። በትንንሽ የአፈር ግድቦች ላይ ውሃ በጣም የሚወደው መንገድ ይህ ነው። ቧንቧ ሲቀበር ከሥሩና ከጎኑ ያለውን አፈር በደንብ መጠቅጠቅ ከባድ ነው፤ ሩሎው (መጠቅጠቂያው ማሽን) አይደርስበትም። ውሃው በቧንቧውና በአፈሩ መሐል ቀጭን መንገድ ያገኛል። ቅንጣት በቅንጣት አፈር ይዞ ይወጣል። መንገዱ ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ኩሬው እየቆፈረ ይሄዳል። ለዓመታት ምንም ሳይመስል ኖሮ ኩሬው ጋ ሲደርስ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። አሜሪካ ውስጥ ቴተን የሚባለው ግድብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1976 ከውስጥ ተበልቶ ነው የፈረሰው። ጠዋት ላይ ደፍረስ ያለ ውሃ ታየ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ግድቡ የለም። ያ 93 ሜትር ከፍታ ያለው በመንግሥት የተሠራ ትልቅ ግድብ ነበር።

አፈራችሁ ዋልካ ይመስለኛል፣ ስንጥቁም የሚለው ያንኑ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል። በርዝመቱ የሄደ ስንጥቅ ተከታትለሽ የምትለኪው ነገር ነው። ከውሃው በኩል ወደ ጀርባው የሚያቋርጥ ስንጥቅ ካለ ግን እሱ የባሰ ነው፣ ለውሃ በር ነው። በጥንቃቄ ፈልጊ። ሌላም ቤት ውስጥ የምትሠሪው ሙከራ አለ። ከግድቡ አፈር የአተር ፍሬ የምታህል ወስደሽ በብርጭቆ የዝናብ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለሽ ጣዪ። ፈርሳ ታቹ ላይ ብትከመር ችግር የለም። እንደ ጭስ ዙሪያዋን ውሃውን ካደፈረሰች ያ አፈር በውሃ ውስጥ በራሱ የሚበተን ነው፤ ስርገት ካለበት በጣም አደገኛ ነው።

አሁን ደግሞ ከስርገቱም በላይ ያስፈራኝ ነገር፣ ቱቦው። ወደ ጅረቱ የሚገባው ኮረብታ ስንት ሄክታር እንደሆነ አልነገርሽንም። 40 ሄክታር ነው እንበል። በሐምሌ አንድ ኃይለኛ ዝናብ በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ጣለ። ግማሹ መሬት ውስጥ ገባ እንበል። ቀሪው 10,000 ሜትር ኩብ ነው። ኩሬሽ አንድ ሄክታር ከሆነ ውሃው በ1 ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ከቱቦው እስከ አናቱ ያለሽ 70 ሳንቲም ነው። ቱቦው በሰከንድ ከግማሽ ሜትር ኩብ ብዙም አያሳልፍም፣ የሚመጣው ግን ወደ 3 ሜትር ኩብ ነው። ውሃው በአናቱ ላይ ያልፋል። የአፈር ግድብ አናቱ ላይ ውሃ ካለፈበት እየታጠበ ይሄዳል፣ አይቆምም።

እስካሁን ያልፈረሰው ያን የመሰለ ዝናብ በተሞላ ኩሬ ላይ ስላልወረደ ነው። 14 ዓመት ለዝናብ አጭር ጊዜ ነው።

የምትሠሩት ይህ ነው። በቀኝ በኩል፣ ከግድቡ ሙሌት ውጪ፣ ያልተነካው መሬት ላይ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ሰፊ ማስተንፈሻ ቁረጡ። 7 ሜትር ቢሰፋ 40 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ውሃ ሲፈስበት ወደ 3 ሜትር ኩብ በሰከንድ ያሳልፋል። ወለሉ ከግድቡ አናት ቢያንስ በ1 ሜትር ዝቅ ይበል። ድንጋይ አንጥፉበት፣ መጨረሻው ላይ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ይሁን። ይህ ከክረምት በፊት ማለቅ አለበት።

ስርገቱ ላይ ንጹሕ አሸዋ አልብሱት፣ ከዚያ በላይ ጠጠር፣ ከዚያ በላይ ድንጋይ። ውሃው ያልፋል፣ አፈሩ ይያዛል። ቦታውን አይቶ የአሸዋውን ዓይነት የሚመርጥ ሰው ያስፈልግሻል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አጠገብሽ ነው። ሄደሽ የውሃና የሲቪል ምህንድስና መምህራንን ጠይቂ፣ አታፍሪ።

ውሃውን ቀንሱ። ግን በአንድ ጊዜ አታፍስሱ። በቀን ከ30 ሳንቲም በላይ ከወረደ ውሃ የጠጣው የውስጠኛው ተዳፋት ደጋፊ አጥቶ ሊናድ ይችላል። የዛገውን ሳራሲኔስካ በቱቦ ቁልፍ እንዳትታገሉት፤ ተሰብሮ ክፍት ቢቀር ምን ትሆናላችሁ? በፓምፕ ይሁን።

ባሕር ዛፎቹን አሁን አትንቀሉ። ሥራቸው ሲነቀል ጉድጓድ ይከፈታል፣ ተቆርጠው ቢተዉም ሥሩ በስብሶ የውሃ መንገድ ይሆናል። ከመስከረም በኋላ ኩሬው ዝቅ ብሎ ሳለ ሥሩ ወጥቶ በተጠቀጠቀ አፈር ይሞላ።

ወንፊቱን ስለ ነቀላችሁ ደስ ብሎኛል። ምክንያቱን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1889 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሳውዝ ፎርክ የሚባል ግድብ ነበር። ባለቤቱ የሀብታሞች የዓሣ ማጥመጃና የመዝናኛ ክለብ ነው። የታችኛው ማፍሰሻ ቧንቧ ቀድሞ ተነቅሎ ተሽጧል። ሠረገላ እንዲያልፍበት ብለው አናቱን ዝቅ አድርገዋል። ዓሣ እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አድርገዋል። ግንቦት 31 ቀን ዝናቡ መጣ፣ ግድቡ ሄደ፣ ጆንስታውን ከተማ ላይ 2,209 ሰው አለቀ። የማይሠራ ማፍሰሻ፣ ሚኒባስ የሚያሳልፍ አናት፣ የዓሣ ወንፊት። ጥያቄሽን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ።

«የእኛ ትንሽ ናት» እንዳትዪ። እ.ኤ.አ. በ1977 ጆርጂያ ውስጥ ኬሊ ባርንስ የተባለ ወደ 12 ሜትር የሚሆን የግል ግድብ ሌሊት ፈርሶ 39 ሰው ገድሏል። እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ሶላይ፣ የግል እርሻ ግድብ እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 2018 ማታ ፈርሶ ከ40 በላይ ሰው ሞቷል።

ከቦርከና ማዶ፦

እህት ዓለም፣ የግድብ እውቀት የለኝም። እኔ ከሌላ ሰው ኩሬ በታች የምኖር እናት ነኝ። የናንተ አይደለም፣ የባለቤቱንም ስም አልጠራም።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ባለቤቱ ውሃ በዝቶበት ሳይነግረን ለቀቀው። ግድቡ አልፈረሰም። ግን ውሃው ደጄ ድረስ መጣ። ሁለት በጎች ሄዱብኝ። ልጆቼን አልጋ ላይ አቁሜ ነው ያነጋሁት። ጠዋት ሰውየው «ምንም አልሆናችሁም እኮ» አለን።

አንቺ ቤቶቹን ቆጥረሻል። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኛን የቆጠረን ሰው የለም። አሁን ደግሞ ሂጂና በሮቹን አንኳኪ። ማን የት እንደሚሸሽ ይወቁ፣ ወደ ታች በጅረቱ ሳይሆን ወደ ጎን ወደ ዳገቱ። አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ ያለበትን ቤት ለዪው። ሌሊት ስልክ የሚዘጋ ብዙ ነው፤ መስጊድ ካለ ኢማሙን ንገሪያቸው፣ በድምፅ ማጉያው ይጥሩ። ተማሪዎቹ በሚያልፉበት ሰዓት ደግሞ ውሃ እንዳትለቁ።

ሸንጎ፦

አጭር የሕግ ነገር ልጨምር። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሥራ ለመሥራትም ሆነ ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል። የአባትሽን ወረቀቶች ፈልጊ። ከሌለ ራስሽ ቀድመሽ ወደ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፣ ችግሩንም በጽሑፍ አሳውቂ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2069 ደግሞ የመሬትን አቀማመጥ ለውጦ በሌላው ላይ ያልተለመደ አደጋ የፈጠረ ሰው፣ አደጋው ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት አልሠራሁም ማለት አያድንም። ግድቡን የሠራው አባቴ ነው ማለትም አያዋጣም፣ አሁን በእጃችሁ ነው። «ሁሉ ለበጎ» ያሉት ወንድማችንም ይህን ቢያነቡት ጥሩ ነው።

አባ ዶዘር፦

ኢንጂነሩ ያለው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የመሬት መንቀጥቀጡን አትርሱ። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬና ማጀቴ ላይ የሆነውን አባቶቻችን ነግረውናል። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ የከሰም ግድብ ሁሉ አሳስቦ ነበር። መሬት በተንቀጠቀጠ ማግስት ግድብሽን ዞረሽ እዪ። አዲስ ስንጥቅ፣ የሰመጠ ቦታ፣ የጨመረ ውሃ።

ማስተንፈሻውን ስትቆርጡ ኤክስካቫተሩ የግድቡን ጫፍ እንዳይነካ ችካል ተክላችሁ በገመድ ለዩት። ኦፕሬተር ቦታ ሲጠበው አይቶ እንዳላየ ይሆናል። እኔ አውቃቸዋለሁ።

የደሴዋ ልጅ፦

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ይቅርታ ዘገየሁ።

ለሁለት ቀን ዝናብ ሲቆም ቀዳሁ። ዝቃጩ አለ። ከግድቡ ውስጥ ነው የሚመጣው። የአተር ፍሬ የምታህለዋን አፈር ብርጭቆ ውስጥ ስጥላት ግን ፈረሰች እንጂ አልጨሰችም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ይህችን ይዤ ትንሽ ተነፈስኩ።

ከኢንስቲትዩቱ ሁለት ሰዎች መጥተው አዩልን። ግድቡ ላይ ሁለት ሰዓት ተመላለሱ። የኮረብታውን ስፋት ከካርታ ለኩት፣ ከ40 ሄክታር ይበልጣል። ስለዚህ ማስተንፈሻው 9 ሜትር እንዲሰፋ ነገሩን።

ከገበሬዎች ሁለት ባለ 3 ኢንች የመስኖ ፓምፕ ተከራየን። በቀን ወደ 10 ሳንቲም ይቀንሳል። ከቧንቧው አጠገብ ችካል ተክለን በቀለም ምልክት አደረግንበት። ዛሬ 1 ሜትር ከ20 ወርዷል። ውሃው ሲሸሽ የውስጠኛው ተዳፋት ላይ ሌላ የጃርት ጉድጓድ ወጣ፣ ድሮ ውሃው ዝቅ ብሎ ሳለ የተቆፈረ መሆን አለበት። ዘበኛችን አፉ ላይ ቆመው «ይህን እኔም አላውቀውም» አሉ። በጣም ነው ያዘኑት።

ባልዲዋ አሁን በ2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው የምትሞላው። አሸዋና ጠጠሩም ለብሷል።

አሥራ ሰባቱን ቤት ከወንድሜ ጋር ዞርን። አንዷ ቤት ውስጥ መነሳት የማይችሉ አሮጊት አሉ። የልጃቸው ልጅ ሌሊት አብሯቸው እንዲያድር ተስማምቷል። እኛ ከፈለግነው በላይ ቡና ጠጣን። የተቆጣን ሰው አንድ ብቻ ነው፣ የወፍጮው ባለቤት። «14 ዓመት ሙሉ የት ነበራችሁ?» አለን። መልስ አልነበረኝም። የወንድሜን ስልክ ቁጥር ግን ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፈው።

ለሙሽራዋ ቤተሰብ ሁሉን ነገርናቸው። ቀብዱን መለስን። እናቷ «ፎቶ የትም ይነሳል» ብለው መረቁን። ሐይቅ ሄደው ይነሳሉ።

ማስተንፈሻው ግማሽ ተቆርጧል። ገመዱን ተክለናል፣ ኦፕሬተሩ ሁለት ጊዜ ሊያልፈው ሲል ወንድሜ ፊቱ ቆሞ መለሰው። አሁን አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የቁፋሮው መጨረሻ ላይ መሬቱ ለስላሳ ቀይ አፈር ሆነብን። ድንጋዩን እዚያ ላይ ዝም ብለን እናንጥፈው ወይስ ሥሩ ጠጠር ይቅደም?

አባ ዶዘር፦

ጠጠር ይቅደም። ጋቢዮኑም ሁለት ረድፍ ይሁን፣ አንዱ መሬት ውስጥ የተቀበረ። ሳላይ ግን አልጨርስልሽም። እሁድ ጠዋት እመጣለሁ፣ የልጄ ባጃጅ አለ። ፓምፑን እንዳታቆሙት። የቀዳሽውንም ሃይላንድ አትድፊው፣ ላየው እፈልጋለሁ።